የአረጋውያንን ቃል ከውሳኔ ሰጪ ጠረጴዛ የሚያደርስ ድረ ገጽ አሠራር

መጀመሪያ የሠራሁት ድረ ገጽ ያምር ነበር። ሲከፈት ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን የአንድ አዛውንት ፎቶ ይመጣል። ጥቁርና ነጭ፣ የተሸበሸበ ፊት፣ እንባ ያቀረሩ ዓይኖች። ከሥሩ በትልቁ «የአረጋውያን ድምፅ» ይላል። ውስጡ 23 ታሪክ ነበረው። አንድ የሥራ ኃላፊ ቢሮ ገብቼ በላፕቶፕ ከፍቼ አሳየኋቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስከ ሦስተኛው ታሪክ ድረስ አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ሦስት ነገር ጠየቁኝ። «ስንት ናቸው? የት ናቸው? እኔ ምን እንዳደርግ ነው የተፈለገው?»

ተራ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ገጹን የሠራሁት ሰው አንብቦ እንዲያዝን ነበር፤ ሰውዬውም አዝነዋል። ማዘን ግን ደብዳቤ አያስጽፍም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። ከዚህ በታች የማስቀምጠው የሦስተኛውን አሠራር ነው። ምሳሌዎቼ ከአዲስ አበባ ናቸው፤ የማውቀው እሱን ነዋ። የዕድር ወጣቶች፣ የጡረተኞች ማኅበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወይም ውጭ ሆናችሁ የወላጆቻችሁን ሰፈር ለመርዳት የምታስቡ ከሆናችሁ ይጠቅማችኋል። ኮድ መጻፍ ባትችሉም ግድ የለም። ከሥራው ውስጥ ኮዱ ትንሹ ነው።

ደረጃ 1፦ ከገጹ በፊት ጠረጴዛውን ምረጡ

«የአረጋውያን ችግር» ጥያቄ አይደለም፤ ርዕስ ነው። ርዕስ ይዛችሁ ቢሮ ብትገቡ «በጣም ትክክል ናችሁ» ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ጡረታውን ለመቀበል ባንክ የሚሄድ ሰው ስንት ሰዓት ይቆማል? የጤና መድን ካርድ ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም» የተባለ ሰው ከየት ይገዛል? በዕድሜና በሥራ ብዛት የጣቱ መስመር የጠፋበት ሰው ለፋይዳ ሲመዘገብ ምን ይገጥመዋል?

ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያዙ። ሌላው ይቆይላችሁ።

ቀጥሎ ጥያቄው የማን እንደሆነ አጣሩ። ይህ ራሱ ሥራ ነው። ለምሳሌ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታና የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚተዳደሩት በሁለት የተለያዩ ተቋማት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን በጡረታ ያቀፈው አዋጅ 715/2003 ሲሆን በኋላ በአዋጅ 1268/2014 ተተክቷል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች «ጡረታዬ» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ሁለት ቢሮ ሊሆን ይችላል። የባንክ ወረፋ ደግሞ የባንኩ ጉዳይ ነው። የጤና ጣቢያ መግቢያ ደረጃ የጤና ቢሮው ነው። የሴፍቲኔት ምዝገባ ሲሆን ወረዳው ጋ ትጀምራላችሁ። አገር አቀፍ ፖሊሲ ላይ ግን የምትሄዱት ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። የተሳሳተ ቢሮ የገባ ጥሩ ታሪክ አቧራ ይጠጣል።

አንድ ምክር ልጨምር። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አረጋውያንን እንዲንከባከብ ያዛል፤ ነገር ግን የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን ይላል። «አቅም» የምትለዋ ቃል ብዙ በር ትዘጋለች። ወንበር፣ የተለየ ወረፋ፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ቅጽ፣ ምድር ቤት የሚሠራ መስኮት መጠየቅ ግን ቀላል ነው። አንድ ጊዜ «እሺ» ያለ ቢሮ ሁለተኛውን ጥያቄ በሌላ ጆሮ ይሰማል።

የቀን መቁጠሪያውንም እዩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። በጀት የሚነካ ነገር ይዛችሁ ሰኔ ላይ ብትደርሱ ባቡሩ ሄዷል፤ መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከዚያ ቀደም ብለው ነው። በዓለም አቀፉ የአረጋውያን ቀን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ መስከረም 21፣ ባለሥልጣናት መድረክ ላይ ስለሚወጡ በቀላሉ ታገኟቸዋላችሁ። በዚያ ቀን የተገባ ቃል ግን እስከ ጥቅምት ድረስ መቆየቱን አልተማመንበትም።

ደረጃ 2፦ የሚናገሩትን ሰዎች አግኙ

መንገድ የሚከፍትላችሁ ዕድር ነው። የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መስጊድ፣ የጤና ጣቢያ ወረፋ፣ የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባም አለ። ግን ተጠንቀቁ። ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አባቶች ናቸው፤ ቀድሞ ኃላፊ የነበሩ፣ አንደበተ ርቱዕ። ቃላቸው ጥሩ ነው፤ ሰፈሩን በሙሉ ግን አይወክሉም። ከአልጋ የማይነሱትን፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶችን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉሊት ሲቸረችሩ ወይም ሸማ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የሚባል ነገር በስም ብቻ የሚያውቁትን ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ፈልጉ።

ስንት ሰው ይበቃል? ለአንድ ጥያቄ ከ15 እስከ 25 ሰው በደንብ ካነጋገራችሁ ብዙው ነገር መደጋገም ይጀምራል። መደጋገሙ ጥሩ ምልክት ነው።

ከመካከላቸው አራት ወይም አምስት ሰዎች መርጣችሁ የገጹ አርታኢዎች አድርጓቸው። ስም ብቻ እንዳይሆን። «ይህ አይወጣም» ካሉ አይወጣም። የታክሲያቸውን ክፈሉ፣ ቡና አፍሉ። ከእነሱ መካከል አንዷ «ምስኪን» የሚለውን ቃል ከገጹ በሙሉ አስወጥተዋል። «ምስኪን ብለህ ከጻፍክ ሳንቲም ነው የሚሰጡኝ፤ እኔ ወንበር ነው የጠየቅሁት» አሉኝ።

ስለ አጠራርም አስቡ። እማማ፣ አባባ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ሐጂ፣ መምህር፣ ሻምበል፤ ሰው ሁሉ የሚወደው አለው። ጠይቁና በዚያው ጥሩ። «እማማ አትበለኝ፣ ገና 63 ነኝ» ያሉኝ ሴት አሉ። ትክክል ነበሩ።

ደረጃ 3፦ ፈቃዱን ቆራርጣችሁ ጠይቁ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ የተቃጠልኩት እዚህ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት እናት ነበሩ። ፎቷቸውን ፈቅደው ሰጥተውኛል። ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳርፈዋል። በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸው ደወለ። «እናታችንን ለማኝ አደረጋችኋት» አለ። ሰፈሩ ሁሉ ፎቶውን በቴሌግራም ተቀባብሎታል። እናትየው የተስማሙት «መንግሥት እንዲያየው» ነበር። ጎረቤት ያየዋል ብለው አላሰቡም። እኔም አልነገርኳቸውም። ያን ቀን ማታ ገጹን ዘጋሁት።

ስለዚህ አንድ ፈቃድ አይበቃም። ለየብቻ ጠይቁ። ቃልዎ በጽሑፍ ይውጣ? ድምፅዎ ይሰማ? ፊትዎ ይታይ? ስምዎ ይጻፍ? ሰፈርዎ ይጠቀስ? ለአምስቱም የተለያየ መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ይመጣል። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን በስልካችሁ የሌላ ሰው ገጽ ከፍታችሁ አሳዩአቸው። «ይህን ልጅዎ ጂዳ ሆኖ ሊያየው ይችላል፤ ጎረቤትዎም፤ የቀበሌው ሠራተኛም» በሏቸው። ኢንተርኔት የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራቸውም።

ፈቃዱን በድምፅ ቅረጹት። ማንበብ ለማይችል ሰው የጣት አሻራ ያረፈበት ወረቀት ለእናንተ ማስረጃ ይሆን እንደሆነ እንጂ እሳቸው ምን እንደተስማሙ አይነግራቸውም። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ የተዘጋጀውን አስደምጡና እንደገና ጠይቁ። ከአምስት ሰው አንዱ አንድ ነገር ያስወጣል። ያስወጡ።

ሕጉም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ስም፣ ፎቶ፣ ድምፅ የግል ዳታ ነው፤ ስለ ጤና የሚናገር መረጃ ደግሞ ከዚያ የጠበቀ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰው የሰጠውን ፈቃድ መልሶ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ሲጀመር ገጹን ስታንጹ እያንዳንዱ ታሪክ ለብቻው በአንድ ጠቅታ ከገጹ የሚነሣበት መንገድ ይኑር። በወረቀትም ላይ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ ቤታቸው ተዉላቸው።

ሌሎች ጣጣዎችም አሉ። በፍጥነት ልለፋቸው።

ሰው የራሱን ታሪክ ሲያወራ የሌላ ሰው ታሪክ አብሮ ይወጣል። «ልጄ ጣለኝ» ያሉ አባት ልጃቸው ፈቃድ አልሰጠም። የልጅ፣ የምራት፣ የጎረቤት ስምና መለያ ይሰረዝ። ስሙ የተጠራ ሠራተኛም እንዲሁ፤ ጥያቄያችሁ አሠራሩ ላይ ነው።

ስልክ ያነሳው ፎቶ ቦታውን በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከመጫናችሁ በፊት የቦታውን መረጃ አጥፉት። ፊት የማይታይበት ፎቶ ደግሞ ደካማ አይደለም፤ ካርድ የያዘ እጅ፣ የጤና ጣቢያው ደረጃ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ይበቃል።

ስም ቢቀየርም ድምፅ ሰፈር ውስጥ ይታወቃል። የሚፈሩ ካሉ ሌላ አረጋዊ ያንብብላቸው፤ ከሥሩም «ቃሉ የእሳቸው ነው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነው» ብላችሁ ጻፉ። ፍርሃቱን አታቃልሉት። ስለ ቀበሌ መናገር የሚያስከትለውን ከእናንተ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

የመጨረሻው ደግሞ ይህ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ሲመጣ ብዙ አረጋውያን እርዳታ ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ። በግልጽ «ዘይት የለም፣ ዱቄት የለም፣ ብር የለም» በሉ። ከዚያ በኋላ ለመናገር የሚፈልግ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ «ደህና ነኝ»ን አልፋችሁ ስሙ

«እንዴት ነዎት?» ስትሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይመጣል። «ጡረታው እንዴት ነው?» ስትሉ «ተመስገን፣ ይበቃል» ይመጣል። ይህን ጽፎ የሄደ ሰው አረጋውያን ደህና ናቸው ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ትዕግሥት ይጠይቃል። እውነተኛው ነገር ሁለተኛው ስኒ ቡና ላይ ነው የሚመጣው።

«ስለ ችግርዎ ይንገሩኝ» አትበሉ። እንዲህ ካላችሁ እሮሮ ነው የምታገኙት። እሮሮ ደግሞ ከሰው ሰው አይለይም። «ባለፈው ወር ጡረታዎን የተቀበሉበትን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይንገሩኝ» በሉ። በስንት ሰዓት ተነሡ? ማን ደግፎ ወሰደዎት? ታክሲ ስንት ከፈሉ? የት ቆሙ? መጸዳጃ ነበረ? መቼ ተመለሱ? አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሰማ ሰው ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር፣ ስንት መኪና እንደሆነ ያውቃል። ኃላፊው የጠየቁኝ ሦስት ነገሮች መልስ እዚህ ውስጥ ነበር፤ እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው።

የዕድሜ ጉዳይ ለብቻው ይነሣ። ብዙ አረጋውያን የተወለዱበትን ቀን በትክክል አያውቁም። «አብዮቱ ሲፈነዳ ሁለት ወልጄ ነበር» ይሏችኋል። ያ 1966 ነው፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ትገምታላችሁ። መዝገብ ላይ ያለው ዓመትና የሚናገሩት ዓመት ላይገጥምም ይችላል። ስለዚህ ቅጻችሁ ላይ ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚያስመርጥ ሳጥን አታድርጉ። «60ዎቹ፣ 70ዎቹ፣ 80ዎቹ» የሚል ምርጫ ይበቃል። በተጨማሪም «በቤተሰብ ግምት» የሚል ምልክት አድርጉ።

ለቀረጻ ስልክ ይበቃል። ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ መሐል ላይ ጥሪ ገብቶ የሰውዬውን ምርጥ ዐረፍተ ነገር በልቶብኛል። ሬዲዮ አስጠፉ። ሙቀጫ እየተወቀጠ ከሆነ ጠብቁ። ከ40 ደቂቃ በላይ አትቀመጡ፤ ይደክማሉ። ልጅ ወይም ምራት አጠገብ ከተቀመጠች መልሱ ይቀየራል። በዘዴ «ቡናውን ላግዝሽ» ብሎ ይዟት የሚወጣ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ገጹን ለሁለት ሰው ሥሩት

አንደኛው ሰው አራት ደቂቃ ያለው ኃላፊ ነው። ሁለተኛው የራሱን ቃል ተመልሶ ማየት የሚፈልግ አረጋዊ ነው። ሌላው ጎብኚ እንግዳ ነው፤ ለእሱ አትጨነቁ።

ለኃላፊው የሚሆነው ገጽ እንዲህ ይደርደር። ከላይ ጥያቄው በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ «በወር መጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት አረጋውያን የሚቀመጡበት ወንበርና የተለየ መስኮት ይኑር።» ከሥሩ ማን ማድረግ እንደሚችል። ቀጥሎ ቁጥሩ። ቁጥር ስትጽፉ ሐቀኛ ሁኑ። ለምሳሌ 20 ሰው አነጋግራችሁ 13ቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመው ከሆነ «ካነጋገርናቸው 20 ሰዎች 13ቱ» በሉ። «65 በመቶ የሚሆኑ አረጋውያን» ካላችሁ ውሸት ነው፤ 20 ሰው አገር አይደለም። ኃላፊውም ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ጎኑ አለ፤ አንድ ቁጥር ከተነቀፈ ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ሦስት ድምፅ አስቀምጡ። ሦስት ብቻ። እያንዳንዱ ከ90 ሰከንድ አይብለጥ፤ ከሥሩም ሙሉ ጽሑፉ ይኑር፤ ቢሮ ውስጥ ድምፅ ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ነው። ቀሪዎቹ ታሪኮች «ተጨማሪ» የሚል ማስፈንጠሪያ ውስጥ ይግቡ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ ሄልዝቶክ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የታማሚዎችን ረጅም ቃለ ምልልስ በርዕስ በርዕስ ቆራርጦ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን አቆራረጥ አይታችሁ ተማሩበት። እኔ የ40 ደቂቃ ቅጂ እንዳለ ጭኜ ሰው እስከ መጨረሻው ያዳምጣል ብዬ ነበር። ቀሽም ነበርኩ።

ከዚያ አንድ አንቀጽ ሕግ። የትኛው አዋጅ፣ የትኛው አንቀጽ ጥያቄያችሁን እንደሚደግፍ። ሰፋ ላለ ጉዳይ የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል አለ። የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ነው። ለወንበር ጥያቄ ግን አህጉር አትጥቀሱ፤ ሰው ይስቃል።

መጨረሻ ላይ «ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠ መልስ» የሚል ሳጥን ይኑር። ባዶ ከሆነ «እስከ ዛሬ መልስ አልደረሰንም» ይበል፤ ቀኑም ይጻፍ። ይህች ሳጥን ከሁሉም ታሪክ በላይ ሠርታለች። ስድብ የለባትም። ዝም ብላ ቀን ትቆጥራለች።

ደግሞም እያንዳንዱ ገጽ በአንድ ኤ4 ወረቀት የሚታተም ቅጂ ይኑረው። ቢሮ ውስጥ የሚዞረው ወረቀት ነው።

ደረጃ 6፦ ፊደሉ፣ መጠኑ፣ ክብደቱ

እዚህ ላይ ቴክኒኩን ለሚሠራው ሰው የምትሰጡት ዝርዝር ይኸውላችሁ።

የጽሑፉ መጠን ከ18 ፒክስል አይነስ፤ 20 ቢሆን ይሻላል። የግዕዝ ፊደል ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ሲያንስ «ሕ» እና «ሐ» ይምታታሉ። በመስመሮች መካከል ያለው ርቀት የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ ይሁን። ፊደልን ማዝመም ለላቲን የመጣ ልማድ ነው፤ አማርኛ ሲዘም ያስጠላል፤ ተዉት። ቀጭን ግራጫ ጽሑፍም ይቅር። በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ይጠይቃል፤ በነፃ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ጣት የሚነካው ቁልፍ ጎኑ 44 ፒክስል ያህል ይሁን። እጅ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ።

ፎንቱን ከገጹ ጋር አብራችሁ ጫኑ፤ የሰው ስልክ ላይ አለ ብላችሁ አትመኑ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ፣ ደማቅና ቀጭን ዓይነት ያለው ነው። አቢሲኒካ ለረጅም ንባብ ደስ ይላል። ኮዱ ውስጥ የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ ይገለጽ፤ ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብ ፕሮግራም የሚያውቀው በዚያ ነው።

ፍለጋ ካስገባችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። አንዱ «ሀኪም» ብሎ ይፈልጋል፣ ገጹ ላይ «ሐኪም» ተጽፏል፤ ምንም አይመጣም። ፍለጋው እነዚህን እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጥር አድርጉ። ጽሑፉን ግን እንዳለ ተዉት፤ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል የራሱ ነው።

ክብደቱን ደግሞ አስቡ። ድምፅ በሞኖ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ሲቀመጥ አንድ ደቂቃ 240 ኪሎባይት ያህል ይሆናል። 90 ሰከንድ ማለት 360 ኪሎባይት ነው። ድምፁ ሳይቆጠር ገጹ በሙሉ ከፎቶው ጋር ከአንድ ሜጋባይት እንዳይበልጥ አድርጉ። ድምፅ ሳይነካ በራሱ አይጀምር። ቪዲዮ አያስፈልግም። ስትፈትኑ ቢሮ ዋይፋይ ላይ አትፈትኑ፤ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ክፈቱት።

ቀን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። የውጭ ቀን ከገባ «እ.ኤ.አ.» ይባል።

አረጋውያኑ ራሳቸው በድረ ገጽ ይመጣሉ ብላችሁ አትጠብቁ። በስልክ ግን ይመጣሉ። የግብርና መረጃ መስመሩ 8028 ገበሬ ዘንድ የደረሰው ቁጥር ተጭኖ በማዳመጥ እንጂ ስማርት ስልክ በመፈለግ አይደለም። እናንተም ገጹ አናት ላይ ስልክ ቁጥር አስቀምጡ። ከደወሉላችሁ መልሳችሁ ደውሉ፤ ካርዳቸውን አትጨርሱባቸው። የልጅ ልጅ ካለ ደግሞ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል።

ደረጃ 7፦ በማኅተም አድርሱት

የዚህ ሁሉ ጉድ መጨረሻ መዝገብ ቤት ነው። ሊንክ በስልክ የላከ ሰው ምንም አልላከም። የተቋም ርዕስ ያለው፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ግን ተመዝግቦ ይገባል፤ የተመዘገበ ደግሞ ይጠየቅበታል። እናንተ ማኅተም ከሌላችሁ ዕድራችሁ ወይም የአረጋውያን ማኅበሩ አለው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፤ ከሥሩ የኤ4 ቅጂው ይያያዝ፤ ጥጉ ላይ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪውአር ኮድ ድምፁን ይክፈት። የመዝገብ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ውጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ቁጥር ጠይቁ። ከዚያም እንደገና።

ግልባጭ ስታደርጉ አስቡበት። ማኅበራዊ ጉዳዮችን የሚከታተለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት የሚከታተል ዘርፍ አለው። የአስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ አለ። ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁሉንም ከደረደራችሁ ኃላፊው እንደ ክስ ያየዋል። እኔ የመጀመሪያውን ለባለ ጉዳዩ ቢሮ ብቻ እልካለሁ። ግልባጭ የሁለተኛው ደብዳቤ ነገር ነው።

ቀጠሮ ካገኛችሁ እናንተ አትናገሩ። ሁለት አረጋውያን ይዛችሁ ሂዱ፤ አምስት አምስት ደቂቃ ይናገሩ። ሊፍት መሥራቱን አስቀድማችሁ አጣሩ። አራተኛ ፎቅ በእግር አውጥተናቸው እናውቃለን፤ እንዳጋጣሚ ያ ከንግግራቸው በላይ አስረድቷል። ግን አይደገም።

ደረጃ 8፦ ከዚያ በኋላ

ድረ ገጽ ሰው ይፈልጋል። ዶሜይኑ፣ ማለትም የገጹ አድራሻ፣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሚከፍለው ማን ነው? የይለፍ ቃሉ አንድ ልጅ ስልክ ላይ ብቻ ካለና እሱ ውጭ አገር ከሄደ ገጹ አብሮ ሄደ። የይለፍ ቃሉንም የድምፅ ቅጂዎቹንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዝ።

አረጋውያን ያርፋሉ። ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አጠያየቁ ያስቸግራል። እኔ «እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ፤ አንድ ቀን ግን ቃልዎ እዚህ ይቆይ ወይስ ይነሣ?» ነው የምለው። አብዛኞቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። ያላሉት ነገር ካለ ቤተሰብ ይወስን፤ እስከዚያ ገጹን ደብቁት።

መልስ ሲመጣ ደግሞ ወደ ተናገሩት ሰዎች ይመለስ። ስክሪን ላይ ማስቀመጥ አይበቃም። አትማችሁ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ውሰዱና ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ መልሱ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የምትል አንድ መስመር ብትሆንም። እኛ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ አነበብን። ከኋላ የተቀመጡ፣ በገጹ ላይ «80ዎቹ» ተብለው የተጻፉ አባት እጃቸውን አወጡ። «በሂደት ላይ ማለት በእናንተ ስንት ዓመት ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄያቸውን በሚቀጥለው ሳምንት ከመልሱ ሳጥን ሥር፣ ከነድምፃቸው፣ አስገባነው። 11 ሰከንድ ነው።